መጋኛ ስለተባለው መውደቅ፦ ለክልሉ ጤና ቢሮና በጎጃም ለሚገኙ የጤና ተቋማት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክልሉ ጤና ቢሮ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ለሚገኙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለአካባቢያችን ሕዝብ

ጉዳዩ፦ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው የልብ ምርመራ ሳይደረግለት ወደ ቤቱ እንዳይሸኝ ስለ መጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ ባዮሎጂ የማስተምር መምህር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ በታች የምጽፈውን ያወቅሁት ታናሽ እኅቴን ይዤ ከአንዱ የምርመራ ክፍል ወደ ሌላው ስድስት ዓመት ያህል ስመላለስ፣ ሐኪሞችን እየጠየቅሁና ስለ ሕመሟ የተጻፈውን ሁሉ እያነበብሁ ነው። ደብዳቤዬ ማንንም ለመክሰስ የተጻፈ ስላልሆነ የየትኛውንም ሆስፒታል፣ የየትኛውንም ሐኪም ስም አላነሣም። የምጠይቀው ነገር ግን አለ፤ አብዛኛውም አዲስ ሕንፃ ወይም ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የማይሻ ነው።

እኅቴ መጀመሪያ የወደቀችው በ19 ዓመቷ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ከሚገኘው የወላጆቻችን ቀበሌ፣ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ነው። ጀሪካኑን እንዳዘለች ልቧ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ መዝለል አለባት፤ ከዚያም በፍጥነት ይመታ ጀመር፤ ዓይኗም ጨለመ። ስትነቃ በዙሪያዋ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ክብሪት እየጫሩ ያሸቷት ነበር። ሁሉም በአንድ ቃል «መጋኛ ነው የመታት» አሉ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ተሰጣት፤ በማግስቱም እናታችን ጠበል ወሰደቻት። በዚያ ቀን ሌላ ምክር የሰጠ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም፣ ባዮሎጂ አስተማሪው፣ ያልበላች ልጅ ዳገት ስለወጣች ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ከዚያ ቀደም ብሎ የአክስታችን ልጅ በ27 ዓመቷ በዘመድ ሰርግ ላይ ስትጨፍር ወድቃ በዚያው ቀርታለች። እሷም መጋኛ መታት ተብላ በማግስቱ ተቀበረች። ልቧን የመረመረ ሰው ስለሌለ በምን እንደሞተች ዛሬ ልናገር አልችልም። ነገር ግን እኅቴን ካዩአት ሐኪሞች መካከል አምስተኛው እስኪጠይቀን ድረስ፣ ይህቺ ልጅ በአንድም የሕክምና ካርድ ላይ አልተጻፈችም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ካስገደዱኝ ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያው የሕክምና ቦታ እኅቴን ያዳመጣት ባለሙያ በልቧ ላይ ተጨማሪ ድምፅ ሰማ፤ ቶንሲል ታሟት ያውቅ እንደሆነም ጠየቃት። በልጅነቱ ቶንሲል ያልታመመ ማን አለ? ታውቃለች አልን። ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው ተባለና በየ28 ቀኑ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ ታዘዘላት፤ አራት ዓመትም ተወጋች። በዚያ ባለሙያ አልፈርድበትም። በአገራችን ወጣት ሰው ቫልቩ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር፣ ታመመ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሩማቲክ ነው፤ ሕፃኑ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የተነሣ ጉሮሮውን ይታመማል፣ ሳይታከም ይቀራል፣ የሰውነት መከላከያውም ተሳስቶ የገዛ ቫልቩን ያጠቃል፤ ቫልቩም ይወፍራል፣ ይጠብቃል ወይም ያፈስሳል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 በዚህ በሽታ ላይ ራሱን የቻለ ውሳኔ ያሳለፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠነቅቅ፦ ይህን ደብዳቤ ያነበበ፣ መርፌውን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥ። መርፌው ለሩማቲክ ሕመምተኛ ሕይወት ነው። ለእኅቴ ግን በኢኮ፣ ማለትም ልብን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው ምርመራ፣ ሳይረጋገጥ የተሰጠ ነበር።

ኢኮ የተነሣችው አራት ዓመት ቆይታ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቀች በኋላ ነው። በውጤቱ ወረቀት ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ነበር፤ «የማይትራል ቫልቭ ፕሮላፕስ፣ መጠነኛ መፍሰስ»። ይህ ብዙ ሰው ያለው ነገር ስለሆነ አትጨነቁ፣ መርፌውንም ተዉት ተባልን። ደስ ብሎን ወጣን። ከመጀመሪያው ስሕተት ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የተነገረን ነገር በአብዛኛው እውነት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይትራል ቫልቭ በግራ በኩል ባሉት የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለ፣ ሁለት ቅጠል ያለው በር ነው። ቅጠሎቹ ቀጫጭን በሆኑ ጅማቶች ከታችኛው ክፍል ጡንቻዎች ጋር ስለተያያዙ፣ ልብ ደሙን ለመግፋት በምትጨመቅበት ጊዜ በሩ ይዘጋል እንጂ ወደ ኋላ አይገለበጥም። በአንዳንድ ሰዎች ግን ቅጠሎቹ ይወፍራሉ፣ ይለጠጣሉ፣ ጅማቶቹም ይረዝማሉ፤ በዚህም ምክንያት ልብ በተጨመቀች ቁጥር፣ በክረምት ነፋስ እንደሚገለበጥ ጃንጥላ፣ ቅጠሉ ወደ ላይኛው ክፍል ይነፋል። ከቀለበቱ መስመር በ2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲያልፍ ፕሮላፕስ ይባላል። ከመቶ ሰው ሁለት ወይም ሦስት የሚሆነው እንዲህ ያለ ቫልቭ አለው፤ አብዛኛውም ሳያውቀው ኖሮ፣ ልጅ ወልዶና የልጅ ልጅ አይቶ በሌላ ምክንያት ይሞታል። በማዳመጫ ሲሰማ በምቱ መካከል ጠቅ የሚል ድምፅ፣ ከእሱም በኋላ የመፍሰስ ሽውታ አለው። ይህ ድምፅ ለብዙ ዘመን ከልብ ውጭ የሚመጣ፣ የማይጎዳ ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ከቫልቩ እንደሚመጣ ያሳዩት የደቡብ አፍሪካው ሐኪም ጆን ባርሎው ናቸው፤ እሳቸውም ይህን ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1963፣ በጆሃንስበርግ፣ በግራው የልብ ክፍል ውስጥ በራጅ የሚታይ ቀለም በመርጨት ነው። እንዲህ ያለው ወፍራምና የተለጠጠ ቫልቭ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህ ዕውቀት ከአፍሪካ መውጣቱን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ብዙው ሰው ደኅና ከሆነ ጥቂቱ ለምን ይሞታል? በሩ ወደ ኋላ ሲነፋ ጅማቱን ይስባል፤ ጅማቱም ጡንቻውን ይጎትታል። ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለችና መጎተቱም በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ነው። በአንዳንዶች ዘንድ የቫልቩ ቀለበት ከልብ ግድግዳ ጋር መጋጠም በሚገባው ቦታ ላይ ተላቅቆ ስለሚቀመጥ መጎተቱ ይብሳል። በዓመታት ውስጥ ጅማቱን በያዘው ጡንቻና ከቫልቩ ሥር ባለው የጀርባ ግድግዳ ላይ ጠባሳ ይወጣል። ጠባሳ ደግሞ የልብን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ዙሪያው ይረበሻል፣ ከዚያም ያልተጠራ ምት ይነሣል። ያ ምት በክፉ ሰዓት ላይ ከወደቀ የታችኛው ክፍል መጨመቁን ትቶ ይንቀጠቀጣል። የተንቀጠቀጠ ልብ ደም አይገፋምና ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። የጣሊያን ከተማ በሆነችው በፓዶቫ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት በድንገት የሞቱ 650 ወጣቶችን ልብ ሲመረምሩ፣ ለ43ቱ ሞት ከዚህ ቫልቭ በቀር ሌላ ምክንያት አላገኙም፤ ከ43ቱ 26ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ጠባሳውም በእነዚሁ ጡንቻዎች ላይ ነበር። ፕሮላፕስ ካለባቸው ሰዎች ሁሉ በዓመት በዚህ የሚሞቱት ከ1000 ከ1 እስከ 4 ቢሆኑ ነው ይባላል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹ ግን ወጣቶች ናቸው፣ ከሞታቸው በፊትም ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያሉ።

በእነዚህ ሰዎች ላይ የቫልቩ የመፍሰስ መጠን ትንሽ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ሐኪሙም ታማሚውም የሚያየው ይህን መጠን ብቻ ነው፤ ብዙ ካፈሰሰ ቀዶ ሕክምና፣ ትንሽ ከሆነ ወደ ቤት። የአውሮፓ የልብ ምት ማኅበር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት የጋራ ሰነድ ከመፍሰሱ ሌላ ሊታዩ የሚገባቸውን ዘርዝረዋል፦ ምክንያቱ ያልታወቀ ራስን መሳት፣ በቤተ ዘመድ ውስጥ የደረሰ ድንገተኛ ሞት፣ በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ በሚጽፈው ምርመራ) የታችኛውን የልብ ግድግዳ በሚያሳዩት መስመሮች የቲ ሞገድ (ልብ ለቀጣዩ ምት ስትዘጋጅ የሚጻፈው ሞገድ) መገልበጥ፣ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሡ የበዙና መልካቸው የተለያየ ትርፍ ምቶች፣ የሁለቱም ቅጠሎች መለጠጥ፣ የቀለበቱ መላቀቅና በኤምአርአይ (በማግኔት በሚነሣ ምስል) የሚታይ ጠባሳ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥያቄ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው አሥር ደቂቃ የማይፈጅ የኢሲጂ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልምጣ። አንድ ሰው ራሱን ስቶ ወድቆ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ ነቅቶ እየሳቀ ቢመጣ እንኳ፣ ኢሲጂ ሳይነሣ እንዳይሸኝ መመሪያ ይውጣ። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ ታማሚው መሣሪያው ወዳለበት ሆስፒታል የሚላክበት ምክንያት «ራሱን ስቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ይሁን። በተለይ ሲሮጥ፣ ዳገት ሲወጣ፣ ሲጨፍር ወይም ደንግጦ የወደቀ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ከደከመው ሰው ጋር አንድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ከመውደቁ በፊት ልቡ እንደ ዘለለበት የሚናገር ከሆነ ደግሞ እጅግ ያስፈራል።

ኢሲጂን ካነሣሁ ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እኛን ሁለት ዓመት አስከፍሎናል። ኢሲጂ የሚታተመው በሙቀት በሚጻፍ ወረቀት ላይ ነው፤ ይህ ወረቀት ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል። እኅቴ በሁለተኛው መውደቋ ጊዜ የተነሣችው ኢሲጂ በላስቲክ ተጠቅልሎ በእናታችን ሣጥን ውስጥ ነበር። አምስተኛው ሐኪም የድሮውን ለማወዳደር ሲጠይቁን በክብር አውጥተን ያቀረብንላቸው ነጭ ወረቀት ሆኖ ነበር። እባካችሁ፣ ኢሲጂው በተነሣ ዕለት ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ከካርዱ ጋር ይያያዝ፤ ያም ባይሆን ታማሚው በስልኩ ፎቶ እንዲያነሣው ይነገረው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለዚያ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ከአምስቱ ሐኪሞች ሁለቱ «በቤተሰብ የልብ በሽታ ያለበት ሰው አለ?» ብለውን ነበር። የለም አልን፤ አልዋሸንም። በእኛ አገር ልቡ ታመመ የሚባለው እግሩ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ተደግፎ የሚተኛ ሰው ነው። በሰርግ ላይ ወድቃ የሞተች ጤነኛ ልጅ የልብ ታማሚ አትባልም፤ መጋኛ የመታት ናት። አምስተኛው ሐኪም የጎጃም ልጅ ናቸው መሰለኝ፣ እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ «ከዘመዶቻችሁ መካከል መጋኛ መታው፣ ምች መታው፣ ዓይን በላው፣ ወይም ተኝቶ አደረና ሞቶ ተገኘ የተባለ ወጣት አለ?» እናቴ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። ከአክስታችን ልጅ ሌላ፣ እኔ እንኳ የማላውቀው፣ በ20ዎቹ ዕድሜው እርሻ ላይ የቀረ አጎት እንደነበራት ያን ቀን ሰማሁ። የታሪክ መቀበያ ቅጻችሁ ላይ ይህ ጥያቄ በዚሁ ቋንቋ ይግባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት ሲዞሩ እንዲጠይቁትም አሠልጥኗቸው፤ የሰፈሩን ሟች ሁሉ ከነአሟሟቱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በጠበል ላይ አልናገርም፤ እኔም አማኝ ነኝ፣ እኅቴም ዛሬ ድረስ ትጠመቃለች። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናን ያሳሰቡትን የደብር አስተዳዳሪዎቻችን ስለ ልብ መድኃኒትም ደግመው ቢናገሩልን ብዙ ሰው ይድናል። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ለሱባኤ ተብሎ ሲቋረጥ ክፉው ምት እንደገና ሊነሣ ይችላልና።

ሦስተኛው የኢኮ ውጤት አጻጻፍ ነው። «ፕሮላፕስ» ብሎ መዝጋት አይበቃም። የተገለበጠው አንዱ ቅጠል ነው ወይስ ሁለቱም? ወፍሯል ወይ? ቀለበቱ ተላቅቋል ወይ? የላይኛው ክፍል ሰፍቷል ወይ? የታችኛው ክፍል ጉልበት ስንት ነው? እነዚህ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ሰዓት የሚታዩ ናቸው። እኅቴ ለሦስተኛ ጊዜ ኢኮ ስትነሣ ሁለቱም ቅጠሎች የተለጠጡ መሆናቸውና ቀለበቱም መላቀቁ ተጻፈ፤ ይህ ሁሉ ከዓመታት በፊትም ሳይኖር አይቀርም ብለውናል።

ከዚያ በኋላ የተጠየቅነው ሆልተር የሚባለውን፣ በደረት ላይ ተለጥፎ ምቱን ለ24 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚመዘግበውን ትንሽ መሣሪያ ነበር። እኛ ያገኘነው ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መንገዱ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ጠብቀን፣ ከደጀን ቁልቁል የዓባይን በረሃ ወርደን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ በየመታጠፊያው የእኅቴን እጅ ይዤ የደም ሥሯን እቆጥር ነበር። የሆልተሩ ውጤት በአንድ ሌሊት ውስጥ ከታችኛው ክፍል የሚነሣ ፈጣን ምት ሦስት ጊዜ መከሰቱን አሳየ፤ አንደኛው ለ14 ምት ቆይቷል። እሷ ተኝታ ነበር፣ አላወቀችውም። መሣሪያው በኪስ የሚያዝ ነው። ለዞኑ ሆስፒታሎች በጋራ እየተዘዋወሩ የሚያገለግሉ ጥቂት ሆልተሮች ተገዝተው፣ መዝገቡ በኢንተርኔት ለባሕር ዳር የልብ ስፔሻሊስቶች እየተላከ ቢነበብ፣ ታማሚው ቤቱ ተቀምጦ ይመረመር ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ጎጃም አዲስ አሠራር ሞክሮ ለሌላው ማሳየት ብርቁ አይደለም። የመድህኑ አባል ይህ ምርመራ ሲታዘዝለት ከኪሱ እንዳይከፍል ተደርጎ ውል ይታሰርበት።

ስለ ሕክምናው በአጭሩ ልናገር። ትርፍ ምት ያለበት ታማሚ ብዙ ጊዜ ቤታ ብሎከር የሚባል፣ የልብን ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ እኅቴ ሜቶፕሮሎል ትወስዳለች። ቫልቩ በጣም የሚያፈስስ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። ለብርቱ አደጋ የተጋለጠ ሰው ከቆዳው ሥር ክፉ ምት ሲነሣ አውቆ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ይገባለታል፤ እኅቴም ይህ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋት ተጽፎልን ዋጋውን ለመሸፈን እየተሯሯጥን ነው። በዚህ መካከል ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዛት ቁጥር በደሟ ያለው ፖታሲየም የሚባለው፣ ለልብ ምት የሚያስፈልግ ማዕድን እንዲታይ፣ ከመድኃኒት ቤትም ሳትጠይቅ አንቲባዮቲክ እንዳትገዛ ተነግሯታል፤ አንዳንዶቹ የልብን ኤሌክትሪክ ያዛባሉና። ይህን ምክር በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ የሚሰጥ የሕክምና ቦታ ግን እስካሁን አላጋጠመንም፤ የጻፍኩላት እኔ ነኝ።

ለሕዝባችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሰው ሲወድቅ ክብሪት አንጫር፣ ውኃ አንድፋበት፣ ተሸክመንም አንሩጥ። ጠርተነው ካልመለሰና እንደ ወትሮው ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝተን፣ የሁለት እጃችንን መዳፍ ደራርበን፣ የደረቱን መካከል 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሰምጥ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንጫነው፤ ሌላው ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ልቡ ተንቀጥቅጦ የቆመ ሰው ካልተረዳ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከመቶ ከ7 እስከ 10 እየቀነሰ ይሄዳል። የአክስታችን ልጅ በወደቀች ጊዜ ዙሪያዋን የቆመው የሰርግ ሰው ከ200 ያላነሰ ነበር። ጤና ቢሮው ከትምህርት ቢሮው ጋር ሆኖ ይህን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቢያስተምር እኔ በትምህርት ቤታችን ያለ ክፍያ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ፤ መለማመጃ አሻንጉሊት ባይኖር በጭድ የተሞላ ማዳበሪያም ይበቃናል።

በመጨረሻም፣ እኅቴ ፈቅዳልኝ ሦስቱን የኢኮ ውጤቶቿን፣ የሆልተሩን መዝገብ፣ ነጭ ሆኖ የቀረውን የኢሲጂ ወረቀትም ጭምር ስሟን ሸፍኜ ኮፒ አድርጌያለሁ። ለጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ይሆናል የሚል ኃላፊ ካለ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰው ቀን ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም